«ዝ»ን ከማውገዛችን በፊት፦ ስለ ወፍ ቋንቋ ለተጻፈው ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ብዙ ወላጆችን አስደንግጧል። ጉዳዩ የወፍ ቋንቋ ነው፦ ልጆች በየቃሉ መሀል «ዝ» እየሰነቀሩ የሚያወሩት፣ እህትማማቾች እንግዳ ፊት የሚነጋገሩበት፣ የአንድ ሰፈር ጓደኞች የሌላውን ሰፈር ልጅ የሚያደናግሩበት የንግግር ጨዋታ። ጸሐፊው ይህ ነገር ከቤታችን ይውጣ ባይ ናቸው። ክሳቸው አምስት ነው፤ ከመመለሴ በፊት ባሉበት ቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ጨዋታው ሕግ የሌለው ጫጫታ ነው። ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። የልጁን አማርኛ ያበላሻል፣ ንባቡንም ወደኋላ ይጎትታል፤ ውጭ አገር ላደጉ ልጆችማ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የዱርዬ ቋንቋ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ልጁን ወደዚያው ይመራዋል። በመጨረሻም ወላጅ የማይደርስበት ምሥጢር ቤት ውስጥ ይፈጥራል።

የመጀመሪያው ክስ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ። ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት አንድ ቃል ነው። «ትምህርት» በልጆቹ አፍ «ትዝምዝህዝርዝትዝ» ይሆናል ይሉና፣ ይህ ምን ሕግ አለው ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፣ ይህ ለጆሮ አይመችም። ግን የጨዋታው ሕግ ያመጣው ሳይሆን ሕጉን ገና ያልያዘ ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ጨዋታውን የሚችል ልጅ «ትዝምህዝርት» ነው የሚለው።

ልዩነቱ ይህ ነው። ጀማሪው ቃሉን በዓይኑ ያየዋል፤ አምስት ፊደል ስላለው አምስት ጊዜ «ዝ» ይጨምርበታል። አዋቂው በጆሮው ይሰማዋል። «ትምህርት» ሲባል አፍ የሚከፈተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ «ትም» ላይ አንዴ፣ «ህርት» ላይ አንዴ። በእጅ እያጨበጨቡ ቢሉት ሁለት ጭብጨባ ነው። ስለዚህ «ዝ» የሚገባው ሁለት ጊዜ ነው፤ የቀሩት «ም»፣ «ር» እና «ት» አናባቢ የሌላቸው ሳድሶች ስለሆኑ ሳይነኩ ያልፋሉ።

ሕጉን ሙሉውን ላስቀምጠው፤ ሦስት ክፍል አለው። አናባቢ በተሰማ ቁጥር ወዲያው ከኋላው «ዝ» ይገባል። የገባው «ዝ» የቀደመውን ፊደል ድምፅ ይወርሳል፤ ግዕዝ ከሆነ በግዕዝ፣ ካዕብ ከሆነ በካዕብ፣ እስከ ሳብዕ ድረስ፦ ደዘ፣ ዱዙ፣ ዲዚ፣ ዳዛ፣ ዴዜ፣ ድዝ፣ ዶዞ። አናባቢ የሌለው ሳድስ ደግሞ ባለበት ይቆያል። በዚህ መሠረት ሰላም «ሰዘላዛም»፣ ቤት «ቤዜት»፣ ቡና «ቡዙናዛ»፣ ልጅ «ልዝጅ»፣ ቆሎ «ቆዞሎዞ»፣ ክብሪት «ክዝብሪዚት» ይሆናል። ጓደኛ የሚለውም አያስቸግርም፤ «ጓ» ራብዕ ድምፅ ስላለው «ጓዛደዘኛዛ» ነው።

ፊደልን ብቻ አይቶ የሚጫወት ሰው ሌላም ወጥመድ አለበት። «አለ» የሚለው ቃል ሲጻፍ «አ» ግዕዝ ቤት ውስጥ ነው። ጀማሪ ታዲያ «አዘለዘ» ይላል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። በአማርኛ «አ» የሚነበበው በራብዕ ድምፅ ስለሆነ ትክክሉ «አዛለዘ» ነው። «ሀገር»ም እንደዚሁ «ሀዛገዘር» እንጂ «ሀዘገዘር» አይደለም። የሚስቁት ልጆች ስለ ድምፅና ፊደል ልዩነት ማንም አላስተማራቸውም፤ ግን ስህተቱን ይለያሉ። ስህተት የሚለይበት ነገር ደግሞ ሕግ አለው ማለት ነው። ጫጫታ ውስጥ ማንም አይሳሳትም።

በዚህ ክስ ውስጥ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ነገር አለ። «ዝ» በራሱ ያለበት ቃል ሲመጣ ጨዋታው ይንገዳገዳል። ገንዘብ «ገዘንዘዘብ» ይሆናል፤ ዛሬ «ዛዛሬዜ»። ፈጥኖ የሚናገር ልጅ እዚህ ላይ ይቆጥራል፣ ሰሚውም የቱ የቃሉ «ዘ» የቱ የተጨመረ እንደሆነ ይጠፋዋል። ሁለተኛው ደካማ ጎን ጥብቀት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖር ነው። በወፍ ቋንቋ ሁለቱም «አዛለዘ» ናቸው፤ የሚለያቸው «ለ»ን ማጥበቅ ብቻ ነው፣ ያንን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የሚሉት አንዳንዴ አይገባም ካሉ ልክ ናቸው። የማይገባው ግን በሁለት በታወቁ ቦታዎች ነው፤ የማይገባበት ምክንያትም ይታወቃል።

ሁለተኛው ክስ፣ ከፈረንጅ ተቀዳ የሚለው፣ ብዙ አያቆየንም። ጸሐፊው ምንጩ የእንግሊዝኛው ፒግ ላቲን ነው ይላሉ። የፒግ ላቲን አሠራር ግን ሌላ ነው፤ የቃሉን መጀመሪያ ተነባቢ ነቅሎ ወደ መጨረሻ ይወስድና «ኤይ» ይቀጥልበታል፤ «ፒግ» ራሱ «ኢግፔይ» ይሆናል። የወፍ ቋንቋ ምንም አይነቅልም፣ ምንም አያዛውርም፤ በየቦታው ይጨምራል እንጂ። የቅርብ ዘመዱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በ«ዝ» ፋንታ «ግ» የሚያስገባ ጨዋታ አለ፤ «እንታይ» «እግንታጋይ»፣ «ጸሒፉ» «ጸገሒጊፉጉ» ይሆናል። የሚገርመው እዚያም ሁለት አጨዋወት መመዝገቡ ነው። «ቃርማ»ን አንዱ «ቃጋርማጋ» ሲለው ሌላው «ር»ንም ጨምሮ «ቃጋርግማጋ» ይለዋል። ጸሐፊው የሳቁበት «ትዝምዝህ...»ም ይህን ሁለተኛ አካሄድ እስከ ጫፍ የወሰደ ነው።

እስራኤል ያሉ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ሌላ ዘመድ ያውቃሉ። የዕብራይስጡ ጨዋታ «ብ» ያስገባል፤ «አኒ» (እኔ) «አባኒቢ»፣ «ሻሎም» «ሻባሎቦም» ነው። የኛን «እዝኔዜ» እና «ሰዘላዛም» አጠገቡ አስቀምጡት። እ.ኤ.አ. በ1978 እስራኤል የዩሮቪዥንን ውድድር ያሸነፈችበት ዘፈን አዝማች የተሠራው በዚሁ የልጆች ጨዋታ ነው። ስፔንኛ ተናጋሪዎች «ፕ» ያስገባሉ። ከዚህ ሁሉ ማን ከማን ቀዳ ብሎ መከራከር፣ ገመድ ዝላይን ማን ለማን አስተማረ እንደማለት ነው። አናባቢ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሕፃን ባለበት ሁሉ ይህ ጨዋታ ይበቅላል።

ሦስተኛው ክስ ግን ከባድ ነው፤ ወላጆችን ያስደነገጠውም እሱ ነው። አማርኛ ያበላሻል፣ ንባብ ያዳክማል። ጸሐፊው ነገሩን ሲያስረዱ፣ ልጅ ፊደልን በቅደም ተከተሉ ሀ ሁ ሂ ብሎ እንደያዘ፣ ያንን የሚያዘበራርቅ ነገር ከመጣበት የያዘው ይጠፋበታል ይላሉ።

እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ማንበብ ባልቻሉ ነበር። የኔታ ተማሪው ሀሁን እንደጨረሰ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ውስጥ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ይቀየራል፤ አንዱ ከግዕዝ፣ ቀጣዩ ከካዕብ፣ ቀጣዩ ከሣልስ። የዚህ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደሉን ለይቶት ይሁን ወይም ዜማውን ብቻ ይዞ፣ ወደ ጎን በመውሰድ ይፈተናል። መደዳውን መስበር የማስተማሪያው አንድ ክፍል እንጂ ጠላቱ አይደለም።

የወፍ ቋንቋ የሚያሠራው ሥራ የዚህ መንትያ ነው። ልጁ «ቴ» ሲል የዘ መደዳ ውስጥ ኃምሱን ፈልጎ «ዜ» ማለት አለበት፤ «ሙ» ሲል «ዙ»። ከሀሁ ገበታ ላይ ከአንዱ መደዳ ወደ ሌላው በቀጥታ ወደታች መውረድ ማለት ነው፣ ያውም በዓይን ሳይሆን በጆሮ፣ በንግግር ፍጥነት። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚጽፍ፣ ድምፁን ከፊደሉ ለይቶ መስማት ለአማርኛ አንባቢ ቀላል አይደለም። ጨዋታው የሚጠይቀው ይህንኑ መለየት ነው። ኃምስና ሣልስ እየተምታታበት «ቤት»ን «ቢት» ብሎ የሚጽፍ ልጅ፣ ሲጫወት «ቢዚት» ሲል ጓደኛው ወዲያው ይይዘዋል፤ አንዴ ያመለጠው ድምፅ «ዝ» ላይ ተደግሞ ስለሚሰማ ስህተቱ ሁለት እጥፍ ጎልቶ ይወጣል።

ማጋነን ግን አልፈልግም። የድምፅ ጨዋታና ንባብ ስላላቸው ግንኙነት በብዛት የሚጠቀሰው የብራድሊና የብራያንት የኦክስፎርድ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ፣ ከ400 በላይ ልጆችን የተከታተለ። ገና ማንበብ ሳይጀምሩ ቤት የሚመቱ ቃላትን ለይተው የሚሰሙ ልጆች ኋላ ንባብ እንደሚቀላቸው አሳይቷል። ያጠናው ግን እንግሊዝኛን ነው፤ የምሥጢር ቋንቋንም አልፈተነም። ስለዚህ ልጃችሁ የወፍ ቋንቋ ስለቻለ አንደኛ ይወጣል አልልም። የምለው፣ ጸሐፊው ጉዳት ብለው የጠሩት ነገር፣ ድምፅን ለይቶ መስማት፣ የንባብ መምህራን ደክመው የሚያስተምሩት ነገር ነው።

ውጭ አገር ስላደጉት ልጆች የተባለውም ተገልብጦ ነው የቀረበው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ግዕዝንና ራብዕን መለየት ነው፤ «በላ» እና «ባላ» አፉ ላይ አንድ ይሆኑበታል። አያት ስልክ ላይ ሆነው አስር ጊዜ ቢያርሙት «እኔም እንደሱ ነው ያልኩት» ይላል፤ ልዩነቱ አይሰማውማ። አሁን ሁለቱን በወፍ ቋንቋ በሉለት፦ «በዘላዛ»፣ «ባዛላዛ»። «በዘ» እና «ባዛ» ተከታትለው ሲመጡ ልዩነቱ ይጎላል። «ሰራ» እና «ሳራ» እንደዚሁ፦ «ሰዘራዛ»፣ «ሳዛራዛ»። ለማስጀመር ከአራት እርምጃ በላይ አያስፈልግም። መጀመሪያ የልጁን ስም፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት (ቡና፣ ቆሎ፣ በላ)፣ ከዚያ በሳድስ የሚያልቁትን (ቤት፣ ልጅ)፣ በመጨረሻ አጭር ዓረፍተ ነገር። «ነገ ገበያ ሂጂ» ሰባት ቀለም አለው፣ ሲቀየር አሥራ አራት ይሆናል፦ «ነዘገዘ ገዘበዘያዛ ሂዚጂዚ»። ማፍጠን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልጆች የሚሰናከሉት ሕጉ ሳይገባቸው ፍጥነቱን ለመያዝ ሲሞክሩ ነው። ሲናገሩ የዋናው ቃል ድምፅ ጠንከር፣ «ዝ» ላላ ይበል፤ ሁለቱ እኩል ከተመቱ ሰሚው ቃሉን ከጭማሪው አይለየውም። አራት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ግን ተዉት፣ የራሱን ቃላት ይጨርስ።

ወደ አራተኛው ክስ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አስረዋል። የዱርዬ ያሉት የአራዳ ቋንቋ ቃል ይቀይራል። ጓደኛን «ጀለስ»፣ ፍቅርን «ፎንቃ» ለማለት ቃሉን ከሌላ ሰው መስማት አለባችሁ፤ «ጓደኛ»ን ምንም ብታደርጉት «ጀለስ» አይወጣውም። የወፍ ቋንቋ አዲስ ቃል የለውም፤ አንድ ሕግ ብቻ ነው፣ ያንን የያዘ በአማርኛ የሚያውቀውን ሁሉ ያን ቀን ይለዋል። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ኢትዮጵያ የምሥጢር ቋንቋዎች ባሳተሙት ሥራ የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችን፣ የዛርን፣ የጉራጌ ፉጋዎችን አነጋገር መዝግበዋል። እነዚያ ከሙያና ከማኅበር ጋር የተያያዙ፣ በዋናነት በቃላት የቆሙ ናቸው። ከእነሱ አዝማሪን ዱርዬ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? የምሥጢር ቋንቋ መኖሩ ብቻውን ወንጀል አያሳይም፤ የፓሪስ ሥጋ ሻጮችም «ቡሼ»ን (ሥጋ ሻጭ ማለት ነው) «ሉሼቤም» እያሉ ደንበኛ ፊት ሲነጋገሩ ኖረዋል፣ ያውም ስለ ሥጋ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ከባዶ አልተነሡም። አዲስ አበባ ውስጥ በድምፅ ሕግ የተሠራ፣ ልጆች ያልፈጠሩት አነጋገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ የቋንቋ ጥናት ያላገቡ የከተማዋ ወጣት ሴቶች ይነጋገሩበት የነበረውን መዝግቧል። አሠራሩ ከ«ዝ» ተቃራኒ ነው፤ አናባቢዎቹን ጥሎ ተነባቢዎቹን ያስቀራል፣ ከዚያ በአንድ ቅርጽ ውስጥ ያስገባቸዋል። ቤት «ባይተት»፣ ሄደ «ሃይደድ»፣ ክፉ «ካይፈፍ»፣ ግን «ጋይነን»። መጀመሪያው ተነባቢ ላይ «ኣይ»፣ የመጨረሻው ይደገማል። የአማርኛ ግሥ በሥር ፊደላት እንደሚቆም ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ብልሃት ነው፤ ሴቶቹ ያለ ሰዋስው መጽሐፍ ሥሩን አውጥተውታል። ዋጋም ይከፈልበታል፤ ተነባቢያቸው አንድ የሆኑ ቃላት ይጋጫሉ፣ ለምሳሌ በዚህ ሕግ «ግን» እና «ገና» ወደ አንድ ቅርጽ መውደቃቸው አይቀርም። ስለዚህ የድምፅ ጨዋታ አዋቂዎችም ጋ ይገኛል ካሉ፣ አዎን ይገኛል። ከዚህ ተነሥቶ ቆሎ እየቆረጠመ «ቆዞሎዞ» የሚል የስምንት ዓመት ልጅ ወዴት እንደሚሄድ መተንበይ ግን ከመረጃው በላይ መራመድ ነው።

የመጨረሻው ክስ ምሥጢር ነው። ወላጅ አይሰማም፣ ስለዚህ ልጁ ምንም ሊመክር ይችላል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ጨዋታውን ከሚገባው በላይ አክብረውታል። የወፍ ቋንቋ ቀላል መጋረጃ ነው። ሳድሶቹ ሳይነኩ ስለሚቀሩ ብዙ ቃል ከውስጥ ይታያል፤ ባንክ «ባዛንክ» ሲባል ማን አይለየውም? የሰው ስም እንዲያውም ይብሳል፤ ስሙ የተጠራ ሰው ሕጉን ባያውቅም ዘወር ይላል። የጥያቄ ዜማ፣ ሳቅ፣ ዓይን መጥቀስ ደግሞ ምንም አይቀየሩም። ጥርጣሬ የገባቸው ልጆች «ዝ»ን ወደ «ፍ» ይቀይራሉ፣ «ሰፈላፋም» ይላሉ፤ አንድ ጊዜ ሕጉን የያዘ ሰሚ ግን ለአዲሱ ፊደል የሚያስፈልገው ሁለት ዓረፍተ ነገር መስማት ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወላጅ የተባለው ሰው ራሱ ልጅ ነበረ።

እንግዳ ፊት በወፍ ቋንቋ ማውራት ነውር ነው ያሉትን ግን ያለ ተቃውሞ እቀበላለሁ። ሰው አጠገብ ማንሾካሾክ ነውር የሆነበት ምክንያት ለዚህም ይሠራል፤ ያልገባው ሰው ስለ እኔ ነው የሚያወሩት ይላል፣ ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም። የሚታረመው ግን ምግባሩ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ክልከላ አያስፈልግም። ማዕድ ላይ ስለ ዘመድ ሲንሾካሾኩ የሰማች እናት፣ ሳህኑን እያስቀመጠች ቀና ሳትል «እዝጃዛችዝሁዙን ታዛጠዘቡዙ» ብትላቸው ወሬው ያኔውኑ ይቆማል።